ከአይጥ ሳጥን እስከ በግ ጉሮኖ፦ በተዳከሙ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚሠሩ ክትባቶች

አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ አጠገብ ያለው ግቢ በመዝገብ ስሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ኮሌጅ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም «ሳይንስ ፋኩልቲ» ይለዋል። በ1950 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት አሐዱ ያለው እዚሁ ነው። በግቢው ስለ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዱ ወደ አንድ ወረዳ ወርዶ የትምህርት ቤት ልጆችን ሰገራ መመርመርና ስንቱ ቢልሃርዚያ ወይም የአንጀት ትል እንዳለበት መቁጠር ነው። ሌላው የባህል መድኃኒት ቅጠል ጨምቆ፣ ፕላስሞዲየም በርጌይ የተባለውን የአይጥ ወባ በያዛቸው ነጭ አይጦች ላይ መሞከር ነው።

ሁለቱም መንገዶች የሚያፈሩት እውቀት አለ። ሦስተኛው መንገድ ተሕዋሱን ራሱን ሳይገድሉ አዳክሞ ክትባት ማድረግ ነው። በዓለም ላይ ከ60 ዓመት በላይ ተሂዶበታል፤ እዚህ ግን እምብዛም አልተረገጠም። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ መንገዱ የት እንደ ደረሰ፣ የት እንደ ቆመና ለኢትዮጵያ ከየት ቢጀመር እንደሚያዋጣ ማየት ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፤ የተሳካው በአብዛኛው የሙከራው እንስሳ ራሱ ታማሚው በሆነበት ቦታ ነው። እንስሳው የሰው ምትክ ሆኖ በቀረበበት ቦታ ደግሞ ተስፋው ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነው።

የደስታ በሽታ ያስተማረው

ሕያው ተሕዋስን በልክ ሰጥቶ በሽታን መከላከል ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ መዘገቡት፣ ፈንጣጣ በገባበት ዘመን ከታማሚ ቁስል የተወሰደውን ፈሳሽ በጤነኛ ሰው የተበጣ ቆዳ ላይ ማድረግ በተለያዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የታወቀ ነበር። ተሕዋሱ ስላልተዳከመ አደጋው ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም በተፈጥሮ መንገድ ከሚይዘው ፈንጣጣ ይሻል ነበር።

በከብት በኩል ትምህርቱ ከዚህም ይልቃል። በ1887 ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን የረኃብ ዘመን አስከተለ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ፣ ሙጉጋ ላይ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ ደጋግመው በማሳደግ አዳከሙት፤ ክትባቱ በአንድ መርፌ ዘላቂ መከላከያ ሰጠ። በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ክትባት አመረተ። ሙቀት የሚችለው ዝርያ ከመጣ በኋላ ደግሞ በ1990ዎቹ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው ማቀዝቀዣ በሌለበት በረሃ ከብታቸውን ከተቡ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው፤ የመጀመሪያው ፈንጣጣ ነበር።

ታዲያ ከቫይረስ ጋር እንዲህ የሠራ ዘዴ ከጥገኛ ተሕዋስ ጋር ለምን ከበደ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የደስታ ቫይረስ ያሉት ጂኖች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ የወባ ተሕዋስ ከ5,000 በላይ፣ ሌሽማኒያ ደግሞ ከ8,000 በላይ አላቸው፤ ብዙዎቹም በእንስሳ ውስጥ መልካቸውን በየደረጃው ይለዋውጣሉ። በአንዱ ደረጃ የተገኘ መከላከያ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቫይረስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በገፍ ይመረታል፤ ብዙ ጥገኛ ተሕዋስያንን ለማምረት ግን ሕያው ትንኝ፣ ቀንድ አውጣ፣ በግ ወይም ጥጃ ያስፈልጋል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ በጥገኛ ተሕዋስ ላይ የሚገኘው መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ተሕዋስ በሰውነት ውስጥ እስከ ቆየ ድረስ ብቻ የሚጸና መሆኑ ነው። አጥብቀው ካዳከሙት ቶሎ ይጠፋና መከላከያውም አብሮት ይጠፋል፤ በበቂ ካልተዳከመ በሽታው ራሱ ይመጣል። የዚህ ዘርፍ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ የመፈለግ ታሪክ ነው።

እንስሳው ራሱ ታማሚ ሲሆን

መተላለፊያው መጀመሪያ የተገኘው በጥጃ ሳንባ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ያሉ ተመራማሪዎች የከብት ሳንባ ትልን እጭ በጨረር መቱት። በጨረር የተመታው እጭ አንጀት ሰርስሮ ጉዞ ይጀምራል፤ የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሳንባ ውስጥ ደርሶ ለአካለ መጠን አይበቃም። ለጥጃው በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ 1,000 እጭ በአፍ ይሰጠዋል። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ይህ ክትባት ዘሩ እስከ ዛሬ በአውሮፓ አለ። ሕንድም በካሽሚር በረዳማ ግጦሽ ለሚውሉ በጎች በዚሁ ዘዴ የበግ ሳንባ ትል ክትባት ሠርታለች።

አውስትራሊያ ሌላ መንገድ ያዘች። በመዥገር የሚተላለፈውንና ሽንትን የሚያቀላውን ባቤዥያ ጣፊያቸው በወጣ ጥጆች ውስጥ በፍጥነት ከአንዱ ወደ ሌላው አዘዋወሩት። ከ20 በላይ ዝውውር በኋላ ተሕዋሱ ደም ውስጥ ይራባል እንጂ እንደ ቀድሞው አይገድልም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በኩዊንስላንድ የሚሰጠው ይህ የደም ክትባት ብዙ ጊዜ በአንድ መርፌ ለከብቱ ዕድሜ ልክ ይበቃል። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል፤ ክትባቱ የሌላ ከብት ደም ስለሆነ አንድ ጊዜ የከብት ሉኪሚያ ቫይረስ ተቀላቅሎበት ወጥቷል።

ከሁሉ ቀላሉ የዶሮ ኮክሲዲያ ነው። በ1975 የታተመው ሥራ በሽታውን በሚያመጣው በአይሜሪያ ከተያዙ ዶሮዎች ኩስ ውስጥ ከሁሉ ቀድመው የሚወጡትን እንቁላል መሰል ኦኦሲስቶች እየለዩ ደጋግሞ ማራባትን አሳየ። ከትውልድ ትውልድ ሲመረጡ የሕይወት ዑደታቸውን የሚያሳጥሩ «ፈጣን» ዝርያዎች ተገኙ። ፈጣኑ ዝርያ በአንጀት ውስጥ የሚራባበትን አንድ ዙር ስለሚዘል አንጀቱን ብዙም አይጎዳም፤ መከላከያ ግን ይሰጣል። የአንዱ አይሜሪያ መከላከያ ለሌላው ስለማይሠራ ክትባቱ የበርካታ ዝርያዎች ቅልቅል ይሆናል፤ አንድ ቀን በሆናቸው ጫጩቶች ላይ ይረጫል ወይም በውኃ ይሰጣል። የጂን ምሕንድስና አይፈልግም፤ ፈሳሽ ናይትሮጅንም አይፈልግም።

ኒው ዚላንድ በ1988 በጎችን ከሚያስወርደው ቶክሶፕላዝማ የሚከላከል ክትባት ለገበያ አቀረበች። ዝርያው 3,000 ጊዜ ገደማ በአይጥ ውስጥ ሲዘዋወር ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይበትን ቋጠሮ የመሥራት ችሎታውን አጥቷል። ለኢትዮጵያ ይህ ከበግ ጤና አልፎ የሰው ጤና ጉዳይ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የበጉ ቋጠሮ የሰው ቋጠሮ ሊሆን ይችላልና። ክትባቱ ግን ከተመረተ በኋላ የሚቆየው ቀናት ብቻ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ልትነካው አይገባም።

የሠራ ሁሉ ገበያ አግኝቷል ማለት ግን አይደለም። የግላስጎው ተመራማሪዎች በዚያው የጨረር ዘዴ የሠሩት የውሻ መንጠቆ ትል ክትባት በ1970ዎቹ አሜሪካ ገብቶ በ1975 ተነሣ። ውሻውን ከበሽታ ይጠብቀው ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ትሎች ይቀሩ ስለነበር ሐኪሞቹ በሰገራው ውስጥ እንቁላል ሲያዩ «አልሠራም» አሉ። ቶሎ ይበላሽ ነበርና ዋጋውም አላዋጣም። ለክትባት ስኬት መመዘኛው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሸነፈ ክትባት ሐኪም ቤት ውስጥ ሊሸነፍ ይችላል።

እንስሳው የሰው ምትክ ሲሆን

ከዚህ ወደ አይጥ ሳጥን ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። በ1967 ሩት ኑሰንዝዋይግና ባልደረቦቻቸው ጨረር የመታውን የፕላስሞዲየም በርጌይ ስፖሮዞይት (ትንኝ ስትነክስ ወደ ሰውነት የምታስገባውን የተሕዋሱን መልክ) ለአይጦች ሰጥተው ከወባ እንደሚጠብቃቸው አሳዩ። በ1973 በሰው ላይ፣ ጨረር በመታቸው ትንኞች ንክሻ ተደገመ። ውጤቱ ያስደስታል፤ ዘዴው ግን አስቸጋሪ ነበር፤ አንድን ሰው ለመጠበቅ ከ1,000 በላይ የትንኝ ንክሻ አስፈለገ። ከዚያ ወዲህ ስፖሮዞይቱን ከትንኝ የምራቅ እጢ አውጥቶ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቆይቶ በደም ሥር የመስጠት ሥራ ቀጥሏል። በጂን የተዳከሙ ዝርያዎችም ከአይጥ ተነሥተው ሰው ዘንድ ደርሰዋል። በ2024 የታተመ የሆላንድ ሙከራ፣ በጉበት ውስጥ ጥቂት ቀናት እየተራባ ቆይቶ የሚሞት ዝርያ በተሸከሙ ትንኞች ተነክሰው ከነበሩ 9 ፈቃደኞች 8ቱ መጠበቃቸውን ዘግቧል። ቶሎ የሚሞተው ሌላው ዝርያ ከ8 ሰዎች የጠበቀው 1 ብቻ ነው። ከላይ የተባለው ጠባብ መተላለፊያ እዚህ በቁጥር ታየ፤ ዘግይቶ የሚሞተው ያሸንፋል።

አራት ኪሎ ላይ ያሉት አይጦች የሚያዙበት ተሕዋስ የኑሰንዝዋይግ ተሕዋስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ልዩነቱ፣ ቅጠል ለመሞከር ተሕዋሱን የያዘው ደም ከአይጥ ወደ አይጥ በመርፌ ይተላለፋል፤ ስፖሮዞይት ለማግኘት ግን የተሟላ የትንኝ ማራቢያ ያስፈልጋል። በዓለም ቤተ ሙከራዎች ለዚህ የሚመረጠው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነው፤ እርሱ ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በተፈጥሮ ከተገኘ ወዲህ ከተሞችን እየወረረ ነው።

ቢልሃርዚያ ላይ አይጥ አታላይ ሆኖ ተገኝቷል። በጨረር የተመታ ሰርካሪያ (ቆዳ ሰርስሮ የሚገባው የቢልሃርዚያ እጭ) የተሰጣቸው አይጦች በኋላ ከሚገባባቸው ትል ከግማሽ በላይ ይድናሉ። ነገር ግን ምንም ያልተሰጠው አይጥ ውስጥም ብዙው ትል በሳንባው ስስ የደም ሥሮች እየፈነዳ ይቀራል፤ ስለዚህ የመከላከያውን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በሱዳን፣ በነጭ አባይ አካባቢ በከብት ላይ የተደረገው የመስክ ሙከራ ይበልጥ የሚታመነው እዚህ ላይ ነው፤ የከብት ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ስኪስቶሶማ ቦቪስ የራሱ የከብቱ በሽታ ነውና። ኢትዮጵያ ግን በቢልሃርዚያ የታወቀችው በክትባት አይደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ተሕዋሱን በአስተላላፊው በኩል መቁረጥን መረጡ። ቀንድ አውጣውን በእንዶድ የማጥፋት ዘመቻ በተካሄደባት አድዋ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ሕመሙ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ቁንጭርና ካላዛር

በቆዳ ላይ ቁንጭርን፣ በውስጥ አካል ላይ ካላዛርን የሚያመጣው ሌሽማኒያ ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ሕያው ክትባት ለሰው በብዛት የተሰጠበት ብቸኛው የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ ነውና። በሶቪየት ማዕከላዊ እስያ፣ በእስራኤልና በኢራን ያልተዳከመ ሌሽማኒያ ሜጀር ልብስ በሚሸፍነው ቆዳ ላይ ይሰጥ ነበር፤ አንድ ቁስል ወጥቶ ሲድን ሰውየው ዳግም አይያዝም። ኢራን ከኢራቅ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ወታደሮችና ስደተኞችን ከትባለች። በጥቂቶች ላይ ቁስሉ አልድን ስላለ ተተወ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ፣ መከላከያውን አስቀርቶ ቁስሉን ማስወገድ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። በ1995 አንድ ጂን የተወሰደበት ሌሽማኒያ ሜጀር አይጦችን ጠበቀ፤ በ2002 በጦጣዎች ላይ ሲሞከር ግን አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም። በ2020 ሌላ ቡድን ሴንትሪን የተባለውን ጂን ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ ቆርጦ አወጣ። ይህ ተሕዋስ ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ግን መከፋፈል ስለማይችል ጥቂት ቆይቶ ይሞታል። አይጦችን ከቁስል፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሃምስተሮችን ከካላዛር ጠብቋል፤ መከላከያቸው በተዳከሙ አይጦች ላይም ቁስል አላወጣም። ሃምስተሮቹ የተፈተኑት በተያዙ የአሸዋ ዝንቦች ንክሻ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በ2009 የወጣ ጥናት የሞተ ተሕዋስ ክትባት መርፌ የሚያስገባውን በሽታ ሲቋቋም የዝንብ ንክሻን እንደማይቋቋም አሳይቷልና። በመርፌ ብቻ የተፈተነ ክትባት ገና ፈተናውን አላለፈም።

እዚህ ጋ የኢትዮጵያ ጉዳይ ይለያል። ቁንጭር የሚያመጣው ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ነው፤ በ1973 በእነ ብሬይ ጥናት የተለየ፣ በሽኮኮ ውስጥ የሚኖር፣ ከኩታበር እስከ ኦቾሎ ባሉ ደጋማ ገደላ ገደሎች የሚገኝ። በአንዳንዱ ሰው ላይ ቁስሉ በራሱ ይድናል፤ በሌላው ላይ ሰውነቱ ዝም ስለሚል እባጩ ፊቱንና እጅና እግሩን ይወርሳል፤ ይህንን ልዩነት አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ነው። በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በቁንጭር እንደሚያዝ ተገምቷል። ሆኖም ሌሽማኒያ ሜጀር በቀላሉ የሚያቆስላቸው የቤተ ሙከራ አይጦች በኢትዮፒካ በደንብ አይታመሙም። ስለዚህ በሌላ አገር አይጥና በሌላ ዝርያ የተገኘ «ጥበቃ» ለኩታበር ልጅ ይሠራል ብሎ መናገር አይቻልም። መከላከያው በተኛበት ሰው ላይ ሕያው ተሕዋስ መስጠት ምን እንደሚያመጣም የሚነግረን አይጥ የለም።

ካላዛር ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱት የደጋ ወጣቶች በሌሽማኒያ ዶኖቫኒ ይያዛሉ፤ በ2005 የታወቀው የሊቦ ከምከምና የፎገራ ወረርሽኝ በሽታው ወደ ደጋውም እንደሚወጣ አሳይቷል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከካላዛር ታማሚዎች ውስጥ ኤች አይ ቪ ያለባቸው በአንዳንድ ዓመታት ከአምስት አንድና ከዚያም በላይ ነበሩ። ሕያው ክትባት በጣም የሚፈለገው በዚሁ ሕዝብ ዘንድ ነው፤ በጣም የሚያሰጋውም በዚሁ ሕዝብ ዘንድ ነው። የሴንትሪኑ ዝርያ መከላከያቸው በተዳከሙ እንስሳት ላይ መፈተኑ ጥሩ ጅምር ሆኖ፣ ጎንደር ውስጥ ያለው የሌሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የሚያያቸውን ታማሚዎች የሚመስል የእንስሳ ሙከራ ግን ገና ይቀረዋል።

መንገዱ የተዘጋበት ገንዲ

ሁሉም ተሕዋስ ለዚህ ዘዴ አይመችም። በዋናነት በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የገንዲ በሽታ ተሕዋስ የሚለብሰውን የፕሮቲን ካባ እየለወጠ ይኖራል፤ ለመለወጥ የሚያገለግሉት ጂኖች ከ1,000 በላይ ናቸው። ሰውነት አንዱን ካባ ሲለይ ተሕዋሱ ሌላ ይለብሳል፤ በአይጥ ላይ እንደታየው የሰውነትን የትዝታ ሕዋሳትም ያጠፋል። አዳክሞ መስጠት ከአንድ ካባ በላይ አያስተምርም። ኢትዮጵያ የመረጠችው መንገድ ስለዚህ አስተላላፊውን ማጥቃት ሆነ፤ ቃሊቲ ባለው ማራቢያ ወንድ ቆላ ዝንቦችን በጨረር አምክኖ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ መልቀቅ። ግላስጎው ላይ ትሉን ያዳከመው የጨረር ጥበብ እዚህ ዝንቡን ያመክናል። ዘዴው ግን በጣና ዙሪያ በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈውን የገንዲ ዓይነት አይነካም።

ከየት ይጀመር?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግ ያላት አገር ታማሚው ራሱ የሙከራው እንስሳ በሆነበት መስክ ጥቅም አላት፤ እዚያ የሚገኝ ውጤት በቀጥታ ውጤት ነውና፣ ከአይጥ ወደ ሰው የሚሸጋገር ድልድይ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው እጩ የዶሮ ኮክሲዲያ ነው። የዶሮ እርባታው፣ የክትባት ፋብሪካውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሦስቱም ቢሾፍቱ አሉ። ጫጩት አስፈልፋዮች ለፈንግልና ለጉምቦሮ ጫጩት መከተብ ለምደዋል። ከአገር ውስጥ አይሜሪያ ፈጣን ዝርያ መርጦ ማውጣት ትዕግሥትና ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም። ሁለተኛው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ደጋማ ግጦሾች የታወቀው የበግ ሳንባ ትል ነው። እዚህ ላይ ተቀናቃኙ መድኃኒት ነው፤ አልቤንዳዞል በየከተማው በርካሽ ይሸጣልና ክትባቱ ቢያንስ ከእርሱ ያነሰ ድካምና ወጪ ማስከተሉ በገበሬው ጉሮኖ ውስጥ መረጋገጥ አለበት። የውሻው ክትባት ታሪክ እንደሚያስጠነቅቀው፣ መመዘኛውም የትል ቁጥር ሳይሆን በሕይወት የተረፈ ጠቦት መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር።

የቁንጭር ክትባት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል፤ የሚቀድሙት ነገሮች ግን ዛሬ ሊጀመሩ ይችላሉ። የሌሽማኒያ ኢትዮፒካን በሽታ በትክክል የሚያሳይ እንስሳ መፈለግ፣ የአገሩን የአሸዋ ዝንብ በቤተ ሙከራ ማራባት፣ ፈተናውን በመርፌ ሳይሆን በንክሻ ማድረግ። እነዚህ ሦስቱ ሳይኖሩ ከውጭ የሚመጣውን የተዳከመ ዝርያ ይበጃል ወይም አይበጅም ብሎ የሚፈርድ ሰው አይኖረንም፤ ምርጫው ለሌላ ዝርያና ለሌላ ሕዝብ በሠሩት ሰዎች እጅ ይሆናል። የአራት ኪሎ ተማሪ ሰገራ መቁጠሩንና ቅጠል መሞከሩን ይቀጥል። ከአሥሩ የጥናት ሐሳብ አንዱ ግን ይህን ሦስተኛ መንገድ ቢይዝ፣ የምርምሩን ወጪ የሚከፍለው የመጀመሪያው ሰው የቢሾፍቱ ዶሮ አርቢ ሊሆን ይችላል።